መንጋውን ትቶ ያልሄደው እረኛ፦ ቄስ ጉዲና ቱምሳ

  ዛሬ የማካፍላችሁ ካረፉ ከአርባ ዓመት በላይ የሆናቸውን የአንድ አባት ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት ግን የራሴን ጥፋት መናገር ይኖርብኛል። ያ ጥፋት ባይኖር ኖሮ ታሪካቸውን ፈልጌ አላነብም ነበር።

ባለፈው ሴሚስተር ሐሙስ ሐሙስ ማታ መጽሐፍ ቅዱስ የምናጠና ስምንት ተማሪዎች ነበርን። ቡድኑን እንድመራ ጓደኞቼ መረጡኝ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኩራትም ተሰማኝ። የጥናቱን ርዕስ አወጣለሁ፣ ጥያቄ አዘጋጃለሁ፣ ሰዓቱንና ቦታውን በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለጥፋለሁ። ከመካከላችን ከሀገር ቤት ከመጣ ዓመት ያልሞላው አንድ ወንድም ነበር። ብርዱ ሲጀምር እርሱ መቅረት ጀመረ። አንድ ሳምንት ቀረ፣ ሁለት ሳምንት ቀረ፣ ሦስት ሳምንት ቀረ። እኔ ማስታወቂያዬን መለጠፌን ቀጠልኩ። በጸሎታችንም ላይ የቀሩትን ሁሉ እግዚአብሔር እንዲያስባቸው እንለምን ነበር። ስልኬን አንስቼ ግን አልደወልኩለትም።

በአራተኛው ሳምንት ሞል ኦፍ አሜሪካ ውስጥ ከምሠራበት ሱቅ ወጥቼ ስሄድ ባቡር ጣቢያው ላይ አገኘሁት። መኪናው ከተበላሸች ወር አልፏታል። ኤርፖርት አካባቢ ሌሊት ይሠራል፤ ጠዋት በአውቶቡስ ክፍል መድረስ ስላቃተው ትምህርቱን አቋርጧል። አልወቀሰኝም። እንዲያውም ስላልመጣ እርሱ ይቅርታ ጠየቀኝ። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ከቀረነው ሰባት ሰዎች አምስታችን መኪና አለን። ከእኔ ቤት እስከ እርሱ ቤት በመኪና አምስት ደቂቃ አይሞላም።

በዚያው ሳምንት ቡድኑን መምራት ይቅርብኝ ብዬ ለአንድ ታላቅ አባት ነገርኳቸው። እርሳቸው እንድተወውም እንድቀጥልም አልመከሩኝም። ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የማውቀው ነገር እንዳለ ብቻ ጠየቁኝ። ያደግሁት በሌላ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ መካነ ኢየሱስን ይመሩ እንደነበርና በደርግ ዘመን እንደተገደሉ ከመስማት በቀር የማውቀው አልነበረም። አባታችን ግን ቄስ ጉዲና እዚሁ አጠገባችን፣ ሴንት ፖል ውስጥ፣ እንደ እኛ ተማሪ እንደነበሩ ነገሩኝ። ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓመተ ምሕረት ብዬ እጽፋለሁ።)

ከቦጂ እስከ ነቀምቴ

ጉዲና ቱምሳ የተወለዱት በ1929 በወለጋ፣ ቦጂ በሚባለው አካባቢ ነው። በዚያ ምድር ወንጌልን ያስፋፉት የውጭ ሚስዮናውያን ብቻ አልነበሩም። በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው የነበሩት ኦኔሲሞስ ነሲብ ነፃ ከወጡ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው በ1899 አሳትመዋል፤ ወደ ወለጋም ተመልሰው እስኪያርፉ ድረስ አስተምረዋል። ጉዲና ያደጉት እንዲህ ያሉ ሰዎች በጠረጉት መንገድ ላይ ነው።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ነቀምቴ ሆስፒታል ገብተው ሠሩ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ረዳት ነበሩ፤ በዘመኑ አነጋገር ድሬሰር ማለት ነው። ስለ ትልልቅ መሪዎች ስናወራ እንዲህ ያለውን የሕይወታቸውን ክፍል ዘለን እናልፋለን። እኔን ግን ቆም ያደረገኝ ይህ ነው። ቁስል የሚያጥብ ሰው በሽተኛውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ለሁለት አይከፍለውም። ያመመው እግሩ ቢሆንም የሚፈራውና ሌሊቱን እንቅልፍ የሚያጣው ሰውየው ራሱ ነው። ቄስ ጉዲና ኋላ በመሪነት ዘመናቸው ለዓለም አብያተ ክርስቲያናት ያስተላለፉት ትልቁ መልእክት ከዚህ የጀመረ ይመስለኛል።

ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን አግብተው ትዳር መሠረቱ። በ1958 ቅስና ተቀብለው በነቀምቴ የምእመናን እረኛ ሆኑ። በማግስቱ ዓመት፣ በጥር ወር 1959፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በይፋ ተመሠረተች። ስለዚህ የእርሳቸው የቅስና ዘመንና የቤተ ክርስቲያኒቱ ዕድሜ አብረው የተቆጠሩ ናቸው ማለት ይቻላል።

እረኛ የሚለውን ቃል በቤተ ክርስቲያን ስንሰማው የክብር ስም ይመስለናል። በእኛ ሀገር ገጠር ግን እረኛ ማለት ማን እንደሆነ እናውቃለን። ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ልጆች ትንሹ ነው። ዝናብ ይመታዋል፣ ቆሎ በኪሱ ይዞ ይውላል፣ ጅብ ቢመጣ ቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው። ማታ ሲገባ ደግሞ ከብቱ ይቆጠራል። አንዲት ጥጃ ከጎደለች ራቱን ሳይበላ ወደ መጣበት ይመለሳል። በሌላ በኩል፣ ስለ ሹመት የምንተርተው ሌላ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንላለን። የጌታችን ደቀ መዝሙር መሆን ማለት ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ቄስ ጉዲና የመረጡት የመጀመሪያውን ነው። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልቆጥር ገብቼ ራቴን በልቻለሁ።

ሦስት ዓመት በሴንት ፖል

ከ1963 እስከ 1966 ቄስ ጉዲና በሴንት ፖል ሉተር ሴሚናሪ ነገረ መለኮት አጠኑ። አንድ ቅዳሜ ቦታውን በዓይኔ ለማየት ከብሉሚንግተን ተነሣሁ። በ35 ደብልዩ ወደ ሰሜን፣ ከዚያ በ94 ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ 280ን ይዞ ኮሞ አቬኑ ላይ መውጣት ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሴሚናሪው ዛፍ በበዛበት ከፍታ ላይ ነበር። በዚያ ቀን በረዶው ቁርጭምጭሚት ያሰጥም ነበር። ማንንም ሳላነጋግር ትንሽ ዞር ዞር ብዬ ተመለስኩ።

ቆሜ ሳስበው፣ እርሳቸውም የሚኒሶታን የጥር ብርድ እንደ እኛ ቀምሰዋል። እርሳቸውም ባልተወለዱበት ቋንቋ ፈተና ጽፈዋል። ልዩነቱ እኛ ዛሬ እንጀራ ቢያምረን የምንገዛበት፣ ቋንቋችንን የምንሰማበት ቦታ አናጣም። በዚያን ጊዜ በዚህ ከተማ የሀገራችን ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ የምሠራበት ሞል ኦፍ አሜሪካም ገና አልተሠራም። ቦታው ላይ የቤዝቦል ስታዲየም ነበር።

ዘመኑም ለአሜሪካ የፈተና ዘመን ነበር። ቄስ ጉዲና እዚህ በመጡበት ዓመት፣ በ1963፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገኙበት ታላቁ የዋሽንግተን ሰልፍ ተደረገ። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ጸደቀ፤ ሕጉ በሴኔት እንዲያልፍ ግንባር ቀደም ሆነው የታገሉት የሚኒሶታው ሴናተር ሂዩበርት ሃምፍሪ ነበሩ። በ1965 የምርጫ መብት ሕግ ተከተለ። እዚሁ ሴንት ፖል ውስጥ ደግሞ ሮንዶ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር 94 ቁጥር አውራ ጎዳና እንዲያልፍበት ለሁለት ተከፍሎ ፈርሷል። ያንን መንገድ ብዙዎቻችን በየቀኑ እንነዳበታለን፤ እኔም ወደ ሴሚናሪው የሄድኩት በእርሱ ላይ ነው፤ ከሥሩ የሰው ቤት እንደነበረ ግን አላውቅም ነበር። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን በጎረቤቷ ላይ በደል ሲደርስ ዝም ብላ መዘመር ትችላለች ወይ የሚለው ጥያቄ በየመቅደሱ ይነሣ ነበር። ከሀገር ቤት የመጡት ቄስ ተማሪ ይህን ሁሉ በቅርብ ሆነው ሰምተዋል።

በ1966 ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ትንሽ ቆየሁ። እኛ ስለ መመለስ ስናወራ ስለ ወረቀት፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ቤተሰብ እናስባለን፤ ማሰባችንም ትክክል ነው። እርሳቸው የተመለሱት ግን ሰዎቻቸው እዚያ ስለነበሩ ነው።

ሰው ለሁለት አይከፈልም

በተመለሱበት ዓመት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሚኒስትር የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ። የዋና ጸሐፊ ሥራ ከውጭ ሲያዩት የቢሮ ሥራ ነው፤ ደብዳቤ፣ በጀት፣ ስብሰባ፣ መንገድ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በፍጥነት ታድግ ነበር፤ በየገጠሩ አዳዲስ ማኅበረ ምእመናን ሲነሡ የሚያስተምራቸውና የሚያጽናናቸው የሠለጠነ አገልጋይ አልተገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ገጠማቸው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶች ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ ይሰጣሉ። ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ሥልጠና ሲጠየቁ ግን እጃቸው ያጥራል። ልማት አንድ ነገር፣ ስብከት ሌላ ነገር ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1972 መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ለርዳታ ድርጅቶቹ አንድ ደብዳቤ ላከች። የደብዳቤው ዋና አንቀሳቃሽ ቄስ ጉዲና ነበሩ። ሐሳቡን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሰው አንድ ነው፤ ለሁለት አይከፈልም። የተራበውን አብልቶ ተስፋ ቢስ አድርጎ መተው ፍቅር አይደለም፤ ስለ ተስፋ ሰብኮ ረኃቡን አለማየትም ፍቅር አይደለም። አንድ ኅብረተሰብ የሚያድገው መንገድና ሕንፃ ስለተሠራለት ብቻ ሳይሆን ልቡናውም ስለተለወጠ ነው።

ደብዳቤው ትልቅ ክርክር አስነሣ፤ በ1974 በናይሮቢ ስለዚሁ ጉዳይ የምክክር ጉባኤ ተካሄደ። ልብ በሉ፤ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ገንዘብ ለሚሰጠው ሰው ተሳስተሃል ማለት ቀላል አይደለም። ቄስ ጉዲና ይህን ያደረጉት ለጸብ ብለው አልነበረም። በእጃቸው ያለው ሕዝብ የሚያስፈልገውን ስለሚያውቁ ነው። በሰው ዘንድ መወደድን ከሰው ፍላጎት ካስቀደምን መሪዎች ሳንሆን ተለማማጮች እንሆናለን።

ይህን ሳነብ የሐሙስ ማታ ጸሎታችን ትዝ አለኝ። እኔ ጸሎትን አንድ ነገር፣ መኪና ይዞ ሄዶ ሰው ማምጣትን ሌላ ነገር አድርጌ ነበር። ጸሎቱን የቡድኑ ሥራ አደረግሁት፤ መኪናውን ደግሞ የግል ጉዳይ። ቄስ ጉዲና ቢያዩን ኖሮ ሁለቱ አንድ ናቸው ይሉን ነበር ብዬ አሰብኩ።

ክፉው ዘመን

በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። ቄስ ጉዲና የድሮው ሥርዓት ቀረ ብለው ያለቀሱ ሰው አልነበሩም። ከምእመናኑ ብዙዎቹ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩና መሬት ለአራሹ ሲባል ደስታው የእነርሱም ነበር። በ1975 መካነ ኢየሱስ ለምእመናኗ ባስተላለፈችው መልእክት ለድሆች ፍትሕ መምጣቱን ደግፋለች፤ ነገር ግን የትኛውም ርዕዮተ ዓለም የአምላክን ቦታ ሊይዝ እንደማይችል፣ የክርስቲያን የመጨረሻ ታማኝነት ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ አስታውቃለች። ይህ ሚዛን በኋላ ዋጋ ያስከፈለ ሚዛን ነው።

በመጋቢት 1977 መንግሥት በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመውን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ወረሰ። የቀይ ሽብር ጊዜ መጣ። በብዙ ቦታ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ አገልጋዮችና ወጣቶች ታሰሩ፤ በወለጋ ደግሞ ይበልጥ በረታ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የራሱን ቤት ብቻ ይዘጋል። ቄስ ጉዲና ግን የአብያተ ክርስቲያናት የትብብር ጉባኤ እንዲቋቋም ደክመው ሰብሳቢው ሆኑ። ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ወንጌላውያኑ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ የፈለጉት ነገሩ ሰላም በነበረ ጊዜ አልነበረም። አንዱ ሲመታ ሌላው ዝም ባለ ጊዜ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ በእኛ ማኅበር መካከል ልናወራው የምንፈራው ነገር ስለሆነ ሳልናገር አላልፍም። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ በኦሮሞ የፖለቲካ ትግል ውስጥ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ይህ ለቄስ ጉዲና ተጨማሪ አደጋ ነበር። ቄስ ጉዲና ኦሮሞነታቸውን አልደበቁም። የሚያገለግሏት ቤተ ክርስቲያን ግን የብዙ ብሔረሰቦች ቤት ነበረች፤ እርሳቸውም ለሁሉም እረኛ ሆኑ። ማንነትን አለመደበቅና ሌላውን አለመግፋት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በሕይወታቸው አሳይተዋል። እኛ በካፍቴሪያ በቋንቋችን ተለያይተን ጠረጴዛ የምንይዝ ልጆች ይህን ብናስብበት መልካም ነው። ሀገር ቤት የሆነው ሁሉ እንደጎዳን አውቃለሁ፤ እኔንም ጎድቶኛል። ነገር ግን በዚህ ብርድ አንዱ ሌላውን ካልጠየቀ ማን ሊጠይቀው ነው?

በጥቅምት 1978 ቄስ ጉዲና ታሰሩና ተፈቱ። በሰኔ 1979 እንደገና ታሰሩና ተፈቱ። ሦስተኛው እንደሚመጣ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። ወዳጆቻቸው ከሀገር የሚወጡበትን መንገድ አዘጋጁላቸው። በር ተከፍቷል፤ በውጭ ሀገር የሚያከብራቸውና የሚቀበላቸው ብዙ ሰው ነበረ። እርሳቸው አልሄድም አሉ። ምክንያታቸው አጭር ነበር። የመንጋው እረኛ ሆነው ሳለ መንጋውን በመከራ ውስጥ ትተው መሸሽ አልቻሉም። በዚያው ሰሞን አንድ ክርስቲያን በሚኖርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ኃላፊነት የጻፉት ጽሑፍ አለ። ደቀ መዝሙር መሆን የሚያስከፍለውን ዋጋ ሊከፍሉት ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ነው የጻፉት።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነበር። ቄስ ጉዲና አስተምረው ከወይዘሮ ፀሐይ ጋር ሲወጡ የታጠቁ ሰዎች ያዟቸው። ባልና ሚስቱን በተለያየ መኪና ወሰዷቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማው ዳር አውርደው ለቀቋቸው። ቄስ ጉዲና በዚያች ሌሊት ተገደሉ። ዕድሜያቸው 50 ዓመት ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው 1979 ዓመት ተገድለዋል። እናንተ ከየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ብትሆኑ ይህ ታሪክ የጋራችን ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ያልተነገረላቸው እናት

የቄስ ጉዲናን ታሪክ እዚህ ላይ ማቆም ግማሹን መናገር ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ባለቤታቸው የት እንደገቡ ሳያውቁ ቀሩ። በ1980 መጀመሪያ ላይ እርሳቸውም ታሰሩ። ድብደባና ሥቃይ ደረሰባቸው። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ አሥር ዓመት ያህል በእስር ቆይተው በ1989 ተፈቱ። ባለቤታቸው በሕይወት ይኖሩ እንደሆነ ወይም ሞተው እንደሆነ እርግጡን የሚነግራቸው አልነበረም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1992፣ የቄስ ጉዲና አስከሬን ተገኘ፤ በሰኔ ወር በአዲስ አበባ በክብር ተቀበረ። የአቡነ ቴዎፍሎስም አስከሬን የተገኘው በዚያው ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ክረምት እዚህ ብሉሚንግተን ውስጥ ሞል ኦፍ አሜሪካ ተከፈተ። ሱቁ ውስጥ ሸቀጥ ሳስተካክል ይህ ትዝ ይለኛል። ወይዘሮ ፀሐይ ለአሥራ ሦስት ዓመት ሲፈልጉት የኖሩትን መቃብር ያዩበት ዓመት ነው። እርሳቸው ያረፉት በ2014 ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ቄስ ጉዲና በመቅረታቸው ሚስታቸውና ልጆቻቸው ያንን ሁሉ ከፈሉ። ቢሄዱ ኖሮ ለልጆቻቸው አባት ይሆኑ ነበር። ይህ ትክክል ነው ወይ? ደጋግሜ አሰብኩበት፤ ቀላል መልስ አላገኘሁም። መልሱን ለእርሳቸው የሰጡት እርሳቸውና ወይዘሮ ፀሐይ ናቸው፤ እኔ በሞቀ ክፍል ቁጭ ብዬ የምፈርደው አይደለም። በዚያ ዘመን የወጡትንም ሰዎች አልፈርድባቸውም። ብዙዎቻችን ዛሬ እዚህ ያለነው ወላጆቻችን ወይም አጎቶቻችን በዚያን ጊዜ ስለወጡ ነው፤ ወጥተውም ብዙ ሰው አሳድገዋል፣ አስተምረዋል።

አንድ ነገር ግን ገባኝ። ቄስ ጉዲና የቀሩት ለአፈር ብለው አይደለም። የቀሩት ስማቸውን ለሚያውቋቸው ሰዎች ብለው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሀገር ቤት መሆን ወይም አሜሪካ መሆን አይደለም። ጥያቄው በእጅህ የተሰጡህ ሰዎች ሲቸገሩ አንተ የት ነህ ነው።

ለእኛስ?

ለእኔ በእጄ የተሰጡኝ ሰዎች ሰባት ናቸው። ስማቸው በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አለ። ማንም መሣሪያ ይዞ አያባርረኝም። የሚጠበቅብኝ ነፍሴን መስጠት ሳይሆን አምስት ደቂቃ መንዳት ነበር፤ እርሱን እንኳ አላደረግሁም። ፍቅር በታላቅ ቀን የሚጀምር ከመሰለን ተሳስተናል። ቄስ ጉዲና በ1979 በሩ ተከፍቶላቸው አልሄድም ለማለት የቻሉት ከሃያ ዓመት በፊት በነቀምቴ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ማወቅ ስለለመዱ ይመስለኛል። በትንሹ ያልለመደ ሰው በትልቁ አይገኝም።

ቡድኑን መምራቴን አልተውኩም። በመጀመሪያ ለወንድማችን ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅሁት። በሚቀጥለው ሐሙስ ጥናቱን ከመጀመራችን በፊት ሁላችንም ፊት አጠፋሁ ብዬ ተናገርኩ። ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣንና ማን በየትኛው ቀን መኪና እንዳለው፣ ማን በየትኛው ሰዓት ሥራ እንደሚወጣ ጻፍን። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ ከኤርፖርት የሚያመጣው ተራ ያለው ሰው ነው። መኪናውን የሚያይለት ሜካኒክም አንዷ እህታችን በአጎቷ በኩል አገኘች። ላለፈው ሴሚስተር አልደረስንለትም። ለሚቀጥለው ግን ሁለት ኮርስ ተመዝግቧል። ያቋረጠው ትምህርት ገንዘቡም ጊዜውም አልተመለሰለትም፤ ይህን ደግሞ እኔ መርሳት የለብኝም።

አንድ ሕግም አወጣን። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ የቀረ ሰው ካለ በግሩፕ ላይ አይለጠፍም፤ ይደወልለታል። ካላነሣ ቤቱ ይኬዳል። ስንሄድም ለምን ቀረህ ብለን አንጠይቅም። በላህ ወይ፣ መኪናህ ደኅና ናት ወይ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ ብለን ነው የምንጀምረው። ጸሎቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ እንዲያውም ያ ራሱ ጸሎት ነው።

ለማኅበራችን አመራሮችም አንድ ሐሳብ አለኝ። የአዲስ ዓመት በዓል ስናዘጋጅ ስንት ሰው እንደመጣ እንቆጥራለን፤ ፎቶም እንለጥፋለን። ዘንድሮ የቀሩትንም እንቁጠር። አምና የነበረ፣ ዘንድሮ የሌለ ማን ነው? ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ ከየትም ይምጣ፣ ስሙን የምናውቀው ሰው ከጎደለ እረኛ እንደሚያደርገው ወደ መጣንበት እንመለስ።

አየሩ ሞቅ ሲል ከእናንተ መካከል የሚፈልግ ካለ አንድ ቅዳሜ አብረን ወደ ኮሞ አቬኑ እንሄዳለን። በመኪናዬ አራት ሰው ይይዛል። የሚታይ ሐውልት ስለሌለ አትጠብቁ። አንድ እንደ እኛ ያለ ተማሪ በዚያ በረዶ ላይ ተራምዶ፣ ተምሮ፣ ወደ ሰዎቹ እንደተመለሰ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

እስከዚያው ስልካችሁን አንሡና አንድ ሰው ላይ ደውሉ። ቸር ያሰማን።